ከጓሮ በር እስከ ወንበሩ

ጠዋቱ እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። ቀድሜ ተነሣሁ፣ ውሃ ጣድኩ፣ የወጥ ቤቱን መስኮት ከፈትኩ። ሻዩ ሲፈላ በብርጭቆ ቀድቼ የጓሮውን በር በክርኔ ገፋሁት። ደረጃው ላይ የልጄ የሥራ ጫማ እንደተለመደው ተዘርግቷል፤ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ በጎኑ ተጋድሟል። አፍንጫው ብረት ያለበት፣ ዘይት የጠገበ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ጫማ ነው። በቀኝ በኩል፣ ግድግዳውን ታክኬ ዞርኩት።

«ይሄን ጫማ አንድ ቀን አንሥቼ እወረውረዋለሁ!» አልኩ ወደ ኋላዬ።

«ማንሣት ከቻልሽ!» አለች ልጄ ከመታጠቢያ ቤት፣ አፏ በጥርስ ሳሙና እንደተሞላ።

ግቢውን አቋርጬ ከወዲያኛው ጥግ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ከባለቤቴ የመሥሪያ ጠረጴዛ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ሻዬን የምጠጣው እዚያ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ፀሐይ ቀድማ የምትደርሰው እዚያ ስለሆነ ነው እላለሁ።

ልጄ የመርከብ ሞተር መሐንዲስ ናት። አባቷ በቴክኒክ ትምህርት ቤት መካኒክነት ያስተምር ነበር። ገና በዳዴ ስትሄድ ከዚህ ጠረጴዛ ሥር ገብታ የወደቀውን ብሎን ሁሉ ትለቅምና በየመጠኑ ትደረድረው ነበር። «ብሎኔ» ያላት እሱ ነው፤ ስም ሆኖ ቀረ። ወደቡ ላይ ካለው የመርከብ ጥገና ጋራዥ መጀመሪያ የገባች ቀን፣ «እህት፣ ቢሮው በዚያ በኩል ነው» ብለው መንገድ አሳይተዋት ነበር። አሁን ሞተር ሲያጉረመርም ጆሮዋን አስጠግታ እንድታዳምጥላቸው የሚጠሯት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ይህን ለማንም አላወራም። ጎረቤቴ ስለምታወራልኝ እኔ ማውራት አያስፈልገኝም።

በዚያ ሳምንት መጀመሪያ ላይ አንድ የጭነት መርከብ ድርጅት ደወለላት። ከተፈተኑት ሁሉ በልጣ ሁለተኛ መሐንዲስ ሆና ተመርጣለች። መልሷን እስከ ዓርብ ይጠብቃሉ። መርከቡ አንዴ ከወጣ ወራት ይፈጃል፣ ባሕር መሃል ደግሞ የስልክ መረብ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ስልኩን ዘግታ ስትነግረኝ ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላውን አስቀመጥኩና እጄን በሽርጤ ጠርጌ ጨበጥኳት። እንደ ሥራ ባልደረባ ነው የጨበጥኳት፤ በዚያች ሰዓት የመጣልኝ እሱ ነው። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን በመሃል ቆረጠችው።

«አንቺን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው?»

«ዕቃ ነኝ እንዴ የምጣለው?»

«እማዬ፣ እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም። ሂጂ።»

የድንቹን ልጣጭ በጣቷ ስታንከባልል ቆየች። «ካሜራ አስገጥማለሁ» አለች በመጨረሻ። «ማንቂያውን ራሴ አስተካክለዋለሁ። እስከ ዓርብ በደንብ ከሠራ እሄዳለሁ። ካልሠራ አልሄድም። አበቃ።»

«አበቃ» የአባቷ ቃል ነው። እሱ ሲላት የቤቱ ክርክር ሁሉ እዚያ ላይ ያቆም ነበር። ተከራክሬ እንደማልረታት ስለማውቅ ድንቼን መላጥ ቀጠልኩ።

ካሜራ የሚገጥመው ባለሙያ በማግስቱ መጣ። ቀጭን፣ አፈ ጮሌ፣ መሰላሉን እንደ ጦር ትከሻው ላይ የተሸከመ ሰው ነው። አንዱን ካሜራ የውጭውን በር እንዲያይ፣ ሌላውን የጓሮውን ግቢ እንዲያይ አድርጎ ከግድግዳው ጥግ ከፍ አድርጎ ሰቀላቸው። ከዚያ የልጄን ስልክ ወስዶ ያለውን ማንቂያ ሁሉ ከፈተላት።

«ምንም አያመልጠውም» አለ ደረቱን ነፍቶ።

እውነቱን ነው፣ ምንም አላመለጠውም። ምሳ እስክናቀርብ ድረስ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ እንደ ጢንዚዛ ሲዞር ዋለ። የጎረቤት ድመት አጥር ዘለለች፣ ጮኸ። ቅጠል ወደቀ፣ ጮኸ። መኪና በበራችን አለፈ፣ ጮኸ።

«እማዬ፣ ገመድ ላይ ያሰጣሽው አንሶላ ግቢ ውስጥ ገብቷል ይልሻል» አለች ልጄ።

«ታዲያ ተቀበዪውና አስገቢው።»

ባለሙያው ሳቀ። «ለዚህ ነው፣ እናቴ፣ መምረጥ ያለብን። ሰው ሲያይ ብቻ ይጩህ? መኪና ሲያይ? እንስሳ ሲያይ? ደግሞ በጣም ንቁ ይሁን ወይስ ትንሽ ችላ ይበል? ሁሉንም የከፈተ ሰው በሳምንቱ ሁሉንም ይዘጋል። ስንት ቤት አይቻለሁ።»

ልጄ አንድ በአንድ መረጠች። እንስሳ ይቅር። መኪና ይቅር። በውጭው በር በኩል ቆሞ የሚቆይ ሰው ካለ ብቻ ይንገር። መንገዱንና የጎረቤትን በር አይመልከት፤ ያን እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ የሰው መውጫና መግቢያ የእኛ ጉዳይ ስላልሆነ። ይህን ጨርሳ ስልኩን ወደ ባለሙያው አዞረች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«የሚንቀሳቀስ ሰው ሲመጣ ሳይሆን፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ሲጠፋ የሚናገር አለው?»

ባለሙያው ወዲያው አልገባውም። «ሲጠፋ ማለት?»

«በየቀኑ የሚያልፍ ሰው አንድ ቀን ካላለፈ።»

እኔ ግን ገብቶኛል። ታጥቦ የተቀመጠ ብርጭቆ አንሥቼ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

ባለቤቴ የሞተው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ጠዋት የተሰበረ ሬዲዮ ይዞ ወጣ፣ ሻዩን ወሰድኩለት፣ ለምሳ ልጠራው ስሄድ ሻዩ እንደተቀመጠ ነበር። ሐኪሙ በአንድ አፍታ ነው ያለቀው፣ ማንም አጠገቡ ቢኖር ምንም ሊያደርግ ባልቻለ ነበር ብሎናል። ልጄ ሐኪሙን ሰምታዋለች። ግን እሷ የሞተር ሰው ናት፤ አንድ ነገር ሲቆም ወዲያው የሚናገር መሣሪያ ሊኖር ይገባል ብላ ነው የምታምነው።

«አለው» አለ ባለሙያው ስልኩን እየነካካ። «ማንም ጠይቆኝ ግን አያውቅም። ሥዕሉ ላይ መስመር ይሰመራል። እስከዚህ ሰዓት ድረስ መስመሩን ሰው ካልተሻገረው ጩኽ ይባላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳሎን ውስጥ አንድ ካሜራ...»

«ቤቴ ውስጥ ካሜራ አይገባም» አልኩ።

«እማዬ...»

«አይገባም ብሎኔ። አጥሬን ጠብቂው፣ በሬን ጠብቂው። ሳሎኔን ለቀቅ አድርጊው።»

ባለሙያው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየና መሰላሉን ማጣጠፍ ጀመረ። ልጄ ተሸነፈች። መስመሩን ከጓሮው ግቢ መሃል፣ ከበሩ ወደ ወንበሩ በምሄድበት መንገድ ላይ አሰመረችው። ሥዕሉ ላይ ከሁሉም በላይ ጥርት ብሎ የሚታየው እዚያ ነው አለች። እስከ ረፋድ ድረስ ሰው ካልተሻገረው ማንቂያው ለሁለት ስልኮች ይደርሳል፤ ለእሷና ለሻለቃ።

ሻለቃ ጎረቤቴ ናት። ወታደር ሆና አታውቅም። ጡረታ እስክትወጣ የስፖርት አስተማሪ ነበረች፣ ፊሽካዋ ግን እስከ ዛሬ ከአንገቷ አልወረደም። የሰፈሩን ልጆች በፊሽካ ታሰልፋለች፣ ሻጩን በፊሽካ ታስቆማለች፣ ባሏንም በፊሽካ ነው የምትጠራው ይባላል። የቤቴ ትርፍ ቁልፍ እሷ ጋ ነው። ኃላፊነቱ ሲነገራት ቀጥ ብላ ቆመች።

«ልጃችን፣ አንቺ ባሕሩን ጠብቂ። እናትሽን ለእኔ ተዪ። በዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ፈቃዴ የምትሞት የለችም።»

«ካስፈለገኝ ማመልከቻ አስገባለሁ» አልኳት።

ሥርዓቱ ከዚያ ወዲያ በትክክል ሠራ። ጠዋት ሻዬን ይዤ እወጣለሁ፣ ጫማውን ዞሬ አልፋለሁ፣ መስመሩን እሻገራለሁ፣ ስልኩ ዝም ይላል። ልጄ ከጋራዥ ስትመለስ ፊቷ እየተፈታ መጣ። ሐሙስ ማታ እራት ላይ የመርከቡን ሞተር በሹካና በማንኪያ ሠርታ አሳየችኝ፤ ጨው ማስቀመጫው ነዳጅ ማጣሪያው ነበር። ሳህኑን አንሥቼ ልጠርግ ስል፣ «ቆይ እማዬ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው» አለችኝ። ለመልሱ የቀረው አንድ ጠዋት ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ዝናብ መጣ።

ልጄ በጊዜ ወጥታለች፤ ወደቡ ላይ የሕክምና ምርመራ ቀጠሮ ነበራት፣ ከዚያ ለድርጅቱ መልሷን ትሰጣለች። እኔ ሻዬን ቀዳሁ፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ትልቁን ጥቁር ጃንጥላ ዘረጋሁና እንደ ሁልጊዜው ተሻግሬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን ወጥ ቤት ትቼዋለሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ የገዛ ሐሳብም አይሰማም፤ ደስ ይለኛል። ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወልኩ። ብረት የሚቆነጥጠው ሞርሳ ዝገት እንዳይይዘው ዘይት ቀባሁት። ሻዩን በየመሃሉ ፉት አልኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ከዝናቡ ድምፅ ውስጥ ፊሽካ ሰማሁ። ከዚያ የጓሮው በር ተበርግዶ ተከፈተና ሻለቃ ወጣች። የሌሊት ልብሷ ላይ የባሏን ካፖርት ደርባ፣ በአንድ እጇ ቁልፍ፣ በሌላው መጥረጊያ ይዛለች። መጥረጊያው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

አይታኝ ቆመች። ፊሽካው ከአፏ ወደቀ።

«ሞተሻል ተብዬ ነው እኮ የመጣሁት!»

«ማን አለሽ?»

«ስልኬ! ማንም አልተሻገረም፣ ማንም አልተሻገረም ይለኛል! ብደውል አታነሺ! በሩን ብደበድብ የለሽ! ልቤ በአፌ ልትወጣ ነው፣ እሷ ሻይዋን ትጠጣለች!»

«ቀዝቅዟል እንጂ እሰጥሽ ነበር።»

ደግማ ልትጮህ አፏን ከፈተችና ተወችው። ወንበሩን አየች። የተወለወለውን ጠረጴዛ አየች። ከጥላው ጠርዝ እንደ መጋረጃ የሚወርደውን ውሃ አየች።

«ፀሐይ ልትሞቂ ነው የወጣሽው?» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ጥያቄው አልነበረም።

ጨርቁን አጣጠፍኩ።  እሷ ባዶ ሳጥን ገልብጣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ካፖርቱን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች። ጥቂት ዝናቡን አየን።

«ለልጅቷም ደርሷታል» አለች ቀስ ብላ።

ለመደወል ወደ ቤት ስንገባ ልጄ በውጭው በር ገባች። በታክሲ ነው የመጣችው። ጫማዋ የአንዱ እግር ማሰሪያ ተፈቷል፣ ፀጉሯ በግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። እኔን ስታይ የበሩን ደፍ ይዛ ቆመች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ከእኔ አልፋ በጓሮው በር በኩል ወደ ወንበሩ ተመለከተች። ዝናቡ አሁንም ይወርዳል። ጃንጥላው ተከፍቶ እንደተቀመጠ ነው፤ ብርጭቆዬም ጠረጴዛው ላይ ነው።

«በዝናብም ትሄጃለሽ» አለች።

«ጥላው አያፈስም።»

 ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጫማዋን ልትፈታ ጎንበስ አለችና እዚያው እንደጎነበሰች፣ «አልሄድም» አለች። «አልሠራም። ነግሬሻለሁ። አበቃ።»

ሻለቃ እኔን አየችኝ። እኔ ፎጣ አመጣሁና ልጄ ራስ ላይ ጣል አደረግኩ።

«የካሜራውን ቅጂ አሳዪኝ» አልኩ።

«ምን ያደርጋል እማዬ?»

«ስልኩን ስጪኝ።»

ሥራዬ ካርታ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ገብቼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶዎችን እያነበብኩ ካርታ ላይ አስፍሬያለሁ። መሬትን ከላይ ማየት ለሰው ዓይን ባዕድ ነው፤ ዛፍ ክብ ይሆናል፣ ሰው ጥላ ይሆናል፣ ቤትና ቋጥኝ ይመሳሰላሉ። አንድ የሥራ ባልደረባችን በአንድ ወቅት ደረቅ ሜዳ መሃል ቆንጆ ኩሬ አገኘሁ ብሎ በሰማያዊ ቀለም አሳምሮ ሣለው። ለማረጋገጥ የሄዱት ሰዎች ያገኙት በቆሎ የተሰጣበት ሰማያዊ ሸራ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታው ድረስ «ዋናተኛው» ስንለው ኖርን። አለቃችን ግን ያን ቀን አንድ ነገር ተናግሮ ነበር፤ ከላይ ያየኸውን መስመር ከመሳልህ በፊት ሂድና መሬቱን ርገጠው።

ቅጂውን ከፈትኩት። ባዶ ግቢ፣ ዝናብ። ከዚያ አንድ ጥቁር ክብ ነገር ከበረንዳው ሥር ወጥቶ እየተንሳፈፈ መሃሉን አቋረጠና ከጥላው ሥር ገባ። እግር የለው፣ ራስ የለው።

«ነይ እዪ» አልኳት። «ማሽኑ ስህተት የለበትም። ሰው ሲሻገር ንገረኝ አልሽው፣ ሰው አላየም። ከዚያ ከፍታ ላይ ጃንጥላ ሰው አይደለም።»

ፎጣውን ከፊቷ ገፋ አድርጋ አየች። ደግማ አየች። «ክብ ነሽ» አለች፤ የከንፈሯ ጫፍ ትንሽ ተነቃነቀ።

«መስመሩን ሥዕሉ ላይ ጥሩ በሚታይበት ቦታ ነው ያሰመርሽው። እኔ ጥሩ በምታይበት ቦታ አይደለም። ተነሺ።»

ዝናቡ ሲያባራ ወጣን። መሬቱን ረገጥነው። እኔ ከበሩ እስከ ወንበሩ እንደ ሁልጊዜው ሄድኩ፣ ልጄ ስልኩን ይዛ ተከታተለች። ከዚያ ሻለቃን አስነሣናት። ጃንጥላ ይዛ እንድትሄድ፣ ያለ ጃንጥላ እንድትሄድ፣ የልብስ መዘፍዘፊያውን ሳፋ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ እንድትሄድ አደረግናት።

«በዚህ ዕድሜዬ የፋሽን ትርኢት!» አለች ሳፋውን በሁለት እጇ ይዛ። «ወገቤን ቀጥ ላድርግ ወይስ ላወዛውዘው?»

«ብቻ አትውደቂ።»

«ሳፋ ይላል!» ጮኸች ልጄ ከስልኩ ላይ ቀና ብላ። «እቴቴ፣ ሳፋ ሆነሻል! ሰው መሆንሽን አያውቅም!»

«ባሌም አያውቅም!»

በመጨረሻ መስመሩን የማሰምርበት ቦታ ተገኘ። ደረጃው አናት ላይ፣ በበረንዳው ጣሪያ ሥር። ጃንጥላ የሚዘረጋው ከዚያ ከወረዱ በኋላ ነው፣ ሳፋም የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ካለው ወለል ላይ ነው። እዚያች ቦታ ላይ የቆመ ሰው ሁልጊዜ ሰው ይመስላል። ችግሩ የበረንዳው ቆርቆሮ ከካሜራው ይጋርደዋል። ባለሙያውን እንጥራ ስል ልጄ መሰላል ከጎረቤት ይዛ መጥታለች። ወጥታ ካሜራውን ፈታች፣ ዝቅ አድርጋ ቀዳዳ ሠራች፣ ብሎኖቹን ከአባቷ ጠረጴዛ መሳቢያ መርጣ በየመጠናቸው አሰረቻቸው። አንዴም ወደ ታች ብሎን አልጣለችም። ሻለቃ መሰላሉን ይዛ፣ ለሚያልፍም ለማያልፍም፣ «ሁለተኛ መሐንዲስ ናት!» ትላለች። እኔ አንገቴን አቀናሁ።

መስመሩን እኔ ነኝ በጣቴ ያሰመርኩት። አሁን የምሄደው ጫማውን ዞሬ በቀኝ በኩል ነው። ጫማው ሲነሣ በመሃል እንደምሄድ አሰብኩ። ስለዚህ ከግድግዳው እስከ ግድግዳው አስረዘምኩት።

«አሁን የሚቀረው ስም ነው» አልኩ። «ማንቂያው የሚደርሳቸው። የአንቺን አወጣዋለሁ።»

«ምን? እንዴት ተብሎ!»

«ሞተር ክፍል ውስጥ ማንቂያ ሲጮህ ለማን ነው የሚጮኸው?»

ወዴት እንደምወስዳት ገብቷታል። ከራሷ ሥራ ግን ማምለጥ አልቻለችም። «ለተረኛው» አለች።

«እቤቷ ለተኛችው የካፒቴኑ ሚስት አይደለም።»

«እማዬ...»

«ተነሥቶ መምጣት ለሚችል ሰው ነው የሚላከው። ዛሬ ከወደብ መጣሽ። ነገ ከባሕር መሃል በምን ትመጫለሽ? እዚያ ቁጭ ብለሽ ጃንጥላዬን አይቶ በጮኸ ቁጥር ልትሞቺ ነው? ተረኛዋ ሻለቃ ናት።»

ሻለቃ ፊሽካዋን በጣቷ ነካ አደረገች።

 ልጄ ስልኩን እጇ ውስጥ አገላበጠችው። «እኔስ?» አለች። «ለእኔ ምንም አይደርሰኝም?»

ያን ያሰብኩት ጠዋት፣ ወንበሩ ላይ ሳለሁ አይደለም፤ እሷ መሰላል ላይ ሆና ብሎን ስታስር ነው። «ለአንቺ ሌላኛው ይድረስሽ» አልኳት። «ሳልሻገር ሳይሆን ስሻገር። መረብ ባገኘሽ ቁጥር የተከማቸውን ታገኚዋለሽ። ሰው አልፏል፣ ሰው አልፏል፣ ሰው አልፏል እያለ።»

ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች። እኔም ወደ ሻይ ማንቆርቆሪያው ዞርኩ፤ እንደዚያ ማድረግ በቤታችን የተለመደ ነው። ስመለስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ማንቂያው ከሚደርሳቸው ሰዎች ውስጥ ስሟን በራሷ ጣት እየሰረዘች ነበር።  ፈተና ስታልፍ፣ ስትመረቅ፣ ጋራዥ ስትገባ ኮርቼባታለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ግን ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ የድርጅቱን ቁጥር ደወለች። ቀኑ ገና አልመሸም ነበር። «ስለ መልሱ ነበር» አለች፤ በሥራ ድምፅዋ ነው የምትናገረው፣ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል። «እመጣለሁ።»

የሄደችው ዝናብ ባልነበረበት ጠዋት ነው። ሻለቃ ሰፈሩን በፊሽካ አስወጥታው ነበር። ልጄ ሻንጣዋን ራሷ ጭና፣ ጎረቤቱን ሁሉ ስማ ስትጨርስ ወደ እኔ መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳት። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፣ አንገቴ ሥር ገባች፣ የሞተር ዘይትና የሳሙና ሽታዋን ሳብኩት። «ዝናብ ሲሆን ጃንጥላውን ከመስመሩ ወዲያ ነው የምትዘረጊው፣ አደራ» አለችኝ በጆሮዬ። ስለ ወንበሩ የተነጋገርነው ይህን ያህል ነው። ይበቃል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ስልኬን እዚያው ወጥ ቤት እተዋለሁ። ከባሕር የሚመጣው መልስ ተጠራቅሞ ነው የሚገባው። «የዋናው ሞተር ድምፅ ያምራል» ብላኛለች አንዴ። ሌላ ጊዜ፣ «አለቃው ማጣሪያውን እኔ እንድፈታው ጠራኝ» ብላ ጽፋለች፤ ይሄኛውን ሻለቃ በቃሏ ይዛዋለች። ብዙውን ጊዜ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው የምትልከው። «አለፍሽ።»

ማንቂያው ከዚያ ዓርብ ወዲህ ጮኾ አያውቅም። ሻለቃ ተረኛ ሆና ሥራ ፈታሁ ትላለች። ፀሐይም ሲሆን ዝናብም ሲሆን ሻዬን ቀድቼ የጓሮውን በር በክርኔ እገፋለሁ። መስመሩን በመሃል እንድሻገረው አድርጌ አስረዝሜው ነበር። እስካሁን የምሄደው ግን በቀኝ በኩል፣ ግድግዳውን ታክኬ ነው።

ደረጃው ላይ ጫማ የለም።